ሹፌር አይደለሁም

በሕይወቴ መኪና ነድቼ ደሞዝ የተቀበልኩበት ቀን የለም። አሥራ ሰባት ዓመት ኦቤትስ በሚባል የከተማ ዳርቻ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አንስቻለሁ፣ ካርቶን ደርድሬአለሁ፣ በመጨረሻም ከነካርቶኑ ወድቄ ወገቤን እዚያው ትቼ ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የምኖረው በዲስአቢሊቲ ነው፤ መንግሥት መሥራት ለማይችል ሠራተኛ በየወሩ በሚከፍለው ገንዘብ። ይሄን የምናውቀው እኔ፣ ሚስቴ፣ ልጄና ፎርሙን የሞሉልኝ ሰውዬ ነን። ሌላው ሰው "ሥራ እንዴት ነው?" ሲለኝ "ተመስገን፣ አለ" እያልኩ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከባንክ ተደወለልኝና ሹፌር መሆኔን ሰማሁ።

የደወለችው የቤት ብድራችንን የያዘችው ሴት ናት። ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ እንግሊዝኛው እንዳያመልጠኝ ታስብልኛለች፣ ይሄ ራሱ ያናድደኛል።

"የሚሠሩበት ተብሎ የተጻፈው የትራንስፖርት ድርጅት ከታክስ ወረቀትዎ ጋር አልገጠመልኝም" አለችኝ።

"የምን ትራንስፖርት?"

"ሁለት ዓመት የዕቃ ማመላለሻ ሹፌር ሆነው እንደሠሩ ነው የፈረሙት።"

ሶፋው ላይ ነበርኩ፤ የወገብ ቀበቶዬን ታጥቄ፣ ጀርባዬ ሥር ትራስ አድርጌ። ሹፌሩ በዚህ ሁኔታ ላይ ነበር።

"ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ሌላ ገቢ አለዎት?" አለችኝ።

"ቆይቼ ልደውልልሽ" ብዬ ዘጋሁት።

ነገሩ እንዲገባችሁ ቤቱን ልንገራችሁ። ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ያለች ትንሽ የጡብ ቤት ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ተከራይተን ኖረንባታል። በሯ ላይ ያለው ደረጃ አንድ ነው። መኝታውም መታጠቢያውም እዚያው ምድር ላይ ነው። ወገብ ለሌለው ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ወገብ ያለው አያውቅም። ገንዳው አጠገብ ያለውን የብረት መያዣ እኔው ነኝ የገጠምኩት። ጓሮው የሚስቴ ነው፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤናዳም። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ወደ ልጃቸው ከተማ ሊሄዱ ስለሆነ ሊሸጡት ነው። "ቅድሚያ ለእናንተ እሰጣለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ከባንክ ደብዳቤ አምጡልኝ፤ ካልሆነ ለገበያ አወጣዋለሁ" አሉን። ደግ ሰው ናቸው። የወሩን መጨረሻ ግን ደግነታቸው አያራዝመውም።

ሚስቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ሰው ታጥባለች፣ ታነሳለች፣ ታስተኛለች። የእሷ ደሞዝ ብቻውን ብድሩን አይሸከመውም። የእኔ ከተጨመረበት ይሸከማል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ የእኔ ገንዘብ ለባንክ ገንዘብ ነው ወይስ አይደለም?

በእኛ ሰው ዘንድ መልሱ ያለቀለት ነው። አይደለም። "የመንግሥት ብር ኢንካም አይባልም" ይልሃል፤ ገቢ አይደለም ማለቱ ነው። ከየት ሰማህ ብትለው ሌላ ሰው ነግሮት ነው። ያኛውም ሌላ ሰው ነግሮት ነው። ለባንክ ከተናገርክ ያቋርጡብሃል የሚልም አለ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚሁ ብለው ከየደሞዜ ቼክ ላይ እየቆረጡ ሲወስዱ ግን "ይሄ ገንዘብ አይባልም" ያለኝ አልነበረም። ያኔ ገንዘብ ነበር።

አሁን ፎርም የሚሞሉትን ሰውዬ ላምጣቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋሼ ይበቃል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ አለች፣ የእሳቸው ናት። ሰው በፌስታል ደብዳቤ ይዞ ይሰለፋል፤ ግማሹ ፖስታውን እንኳ አልከፈተም። ጋሼ ኮት ለብሰው፣ ሁለት እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ላይ ሰክተው ይከፍታሉ፣ ያነባሉ፣ ይሞላሉ። ከማንም አንዲት ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ፣ የመንግሥት ቢሮ ነው የሚሠሩት ይባላል። ኮታቸውን አይተን ያልነው ነው እንጂ ቢሯቸውን ያየ ሰው የለም። ሚስታቸው እትዬ ከታመሙ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አይመጡም። ቤታቸው የገባ ሰውም አላውቅም።

ዜግነቴን የሞሉልኝ እሳቸው ናቸው። ዲስአቢሊቲውን ሁለቴ ሲከለክሉኝ ሁለቴም ይግባኝ የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው። ውለታቸውን አልክድም። ግን አሁን የምጽፈው ስለ ውለታ አይደለም።

እኔ ማንበብ የተማርኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው። እንግሊዝኛውን ማክሰኞና ሐሙስ ላይብረሪ ውስጥ፣ አማርኛውን ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ከልጄ ጋር፣ በልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ። ከዚያ በፊት የነበረውን ወረቀቴን ሁሉ ሌላ ሰው ነው የጻፈልኝ። ካርቱም ላይ የስደተኛ ፎርም የሞላልኝ ሰው አራት ዓመት አሳንሶ ጻፈኝ፤ ልደቴንም ጃንዋሪ አንድ አደረገው። ዛሬ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ በወረቀት ሃምሳ ስምንት። ያ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ሻይ ጋብዞኛል። ሻይ እየጋበዘ ጡረታዬን በአራት ዓመት አራቀው። ሌላ ሰው ስለ እኔ ሲጽፍ ምን እንደምሆን ከዚያ ጀምሮ አውቃለሁ።

ታዲያ ይሄን እያወቅኩ ለምን ሳላነብ ፈረምኩ? የምናደደው እዚህ ላይ ነው፤ በጋሼ ሳይሆን በራሴ።

የባንኩን ማመልከቻ ከስልኩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ለጋሼ ሰጥቻቸው ነበር። ቀስ እያልኩ ራሴ መሙላት እችል ነበር፤ ግን ሃያ ዓመት የሞሉልኝን ሰው ዘልዬ ራሴ ብሞላ "ዛሬ ደግሞ አወቀ" ይባላል። በቀጣዩ እሑድ ሞልተው ጠበቁኝ። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ እያደረጉ በጣታቸው "እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም" አሉኝ። መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ ኪሴ ድረስ ሄዷል። ከኋላዬ ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፏል፤ አንዲት ሴት የውሃ ቢል ይዛ አንገቴ ላይ ትተነፍሳለች። መነጽሬን አውጥቼ፣ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ፣ በእኔ አነባበብ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ወረቀት እሳቸው ፊት ማንበብ ማለት በሕዝብ ፊት "አላምንዎትም" ማለት ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም። ባዶ እጄን ከኪሴ አወጣሁና ፈረምኩ። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብዬም አመሰገንኩ። ሹፌር ያደረገኝ ይሉኝታ ነው።

ሚስቴ ከሥራ ስትገባ ነገርኳት። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

"አንተ ሰውዬ፣ ማንበብ ተምረሃል ወይስ አልተማርክም?"

"ተምሬአለሁ።"

"ታዲያ ለመቼ ነው ያስቀመጥከው?"

ልጃችን ኩሽና ቆማ ትሰማለች። ኮሌጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። "ዳድ፣ ዛት ኢዝ ፍሮድ" አለችኝ። ማጭበርበር ነው ማለቷ ነው። ለባንክ በውሸት መፈረም ፍርድ ቤት እንደሚያስቆም አስረዳችኝና፣ አሁኑኑ እኔ ኢሜይል ልጻፍላቸው አለች።

"አንቺ አትጽፊም" አልኳት። "እሳቸውም አይጽፉም። ከእንግዲህ ስለ እኔ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም።"

"ፎክር" አለች ሚስቴ ጫማዋን እየፈታች። "ወሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። አንተ ፎክር።"

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ነድታ የጋሼ አፓርታማ አደረሰችኝ። ሹፌር የተባለውን ሰው ልጁ ነድታ ትወስደዋለች። ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፣ ሊፍት የለውም። አሥራ አራት ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱን ወገቤ ቆጥሮታል። አንኳኳሁ። ጋሼ ጠዋት ቤታቸው ውስጥም ኮት ለብሰዋል። ግባ አላሉኝም። ወጥተው በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉት።

"ጋሼ፣ ሹፌር ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት?"

"ቀስ በል፣ ጎረቤት አለ።"

"ጎረቤትዎ አማርኛ አይሰማም።"

"ለአንተ ብዬ ነው" አሉ። "የመንግሥት እርዳታ ገቢ አይባልም። ባንክ የሚፈልገው ሠራተኛ ነው። ተረጂ ነኝ ብለህ ብትሄድ በሩን ይዘጉብሃል።"

"ማን ነገረዎት?"

"ይታወቃል።"

"ጠይቀው ያውቃሉ?"

የኮታቸውን ቁልፍ ነካኩ።

"ድርጅቱስ የማን ነው?"

"የእህቴ ባል ነው። ከተደወለለት፣ አዎ እዚህ ይሠራል ይላል። ተስማምተናል።"

"እኔ የምሠራበትን መሥሪያ ቤት እኔ በሌለሁበት ተስማማችሁ።"

"ስምህን ለመጠበቅ ነው። ያንን ወረቀት ባንክ ውስጥ የእኛ ልጆችም ያዩታል። የእገሌ ባል ተረጂ ነው ይባል?"

"ስሜን በውሸት ላይ አስፈርመውኝ ነው የሚጠብቁልኝ?"

"አንተ ልጅ፣ ተው አትጩህ።"

"ልጅ አይደለሁም። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው።"

"ሃምሳ ስምንት ብዬ ነው የሞላሁት" አሉ፣ ሳያስቡት። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለታችንም እንስቅ ነበር።

ከውስጥ የሴት ድምፅ ተጣራ፤ ደካማ ድምፅ። ጋሼ ወደ በሩ ዞሩና መለስ ብለው "ማመልከቻውን ሰርዘውና ዝም በል" አሉኝ። "አፓርታማ ሞልቷል። ሰው ሁሉ በኪራይ ይኖር የለም እንዴ?"

"እርስዎ ይኑሩ" አልኳቸው።

ብልግና ነበር። አውቄ ነው ያልኩት። ግድግዳውን ይዤ አሥራ አራቱን ደረጃ ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ዳውንታውን ባንኩ በር ላይ አወረደችኝና መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሄደች። በየዓመቱ የሚመጣልኝን ደብዳቤ ይዤ ነበር፤ በየወሩ ስንት እንደሚከፈለኝ የሚናገረውን። ሦስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ፣ ከልብስ ሥር ነበር የምደብቀው፤ የሰረቅኩት ይመስል። የሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

"ሹፌር አይደለሁም" አልኳት። "የምኖረው በዚህ ነው። ይሄ ገንዘብ ይቆጠራል አይቆጠርም? ካልተቆጠረ አሁኑኑ ንገሪኝና ልሂድ።"

አነበበችው። ገለበጠችና ጀርባውንም አየች።

"ይቆጠራል" አለችኝ።

እንዲህ በቀላሉ። ሃያ ዓመት በአዳራሹ ውስጥ ሲወራ የኖረው ነገር በአንድ ቃል አለቀ። አላመንኳትም፣ ድገሚልኝ አልኳት።

"ከመንግሥት ስለመጣ ብቻ አልቀበልም ብል ሕግ እጥሳለሁ" አለች። "እኔ የማየው፣ ገንዘቡ በትክክል ይገባል ወይ፣ ደግሞስ ይቀጥላል ወይ የሚለውን ነው። ደብዳቤው የሚያበቃበት ቀን አይልም፤ ስለዚህ እንደሚቀጥል አድርጌ እይዘዋለሁ። ታክስ የማይከፍሉበትን ያህሉን እንዲያውም ትንሽ ከፍ አድርገን ነው የምንይዘው።"

"ከፍ አድርጋችሁ?"

"አዎ። ከደሞዝ ላይ ታክስ ይቆረጣል፤ ከዚህኛው ካልተቆረጠ እጅዎ ላይ የሚቀረው ይበልጣላ።"

እዚያ ወንበር ላይ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ ደስታ አልነበረም። ንዴት ነው። ሦስት ዓመት ከልብስ ሥር የደበቅኩት ወረቀት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከደሞዝ በልጦ ቁጭ ብሏል።

"የመንግሥት የምግብ ካርድስ?" አልኳት። እኔ የለኝም፣ ግን የሚጠይቀኝ ሰው እንደሚኖር ገምቻለሁ።

"እኛ ጋ ለቤት ብድር አይቆጠርም። እሱ ለምግብ ብቻ ነው።"

"ወገቤን ምን እንደሆንኩ አትጠይቂኝም?"

"አይመለከተኝም።"

ይሄንን ወደድኩት። ከዚያ ግን ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ በፊት የፈረምኩት ስህተት ስለሆነ እንዲሁ ማለፍ እንደማትችል ነገረችኝ። ለምን ሹፌር ተብሎ እንደተጻፈ የሚያስረዳ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ አለቆቿ አይተው ነው የሚወስኑት። ሊከለክሉም ይችላሉ። ቃል አልገባችልኝም።

"ፎርሙን ማን ሞላልዎት?" አለች።

ጋሼ ደረጃው አናት ላይ ኮታቸውን ሲነካኩ ታዩኝ። ስማቸው አፌ ላይ ነበር። ብተፋው ቀለል ይለኝ ነበር።

"የፈረምኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

"ደብዳቤውን ልጅዎ ብትጽፍልዎትስ? ቆማለች እኮ።"

ልጄ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። "ወረቀት ስጪኝ" አልኩ።

በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም ነበር። በየትኛውም ቋንቋ። መጠበቂያው ወንበር ላይ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ወረቀቱን የቤት ማስታወቂያ መጽሔት ላይ ደግፌ ጻፍኩ። ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እንዲህ ይላል፦

"እኔ ሹፌር አይደለሁም። መኪና ነድቼ ተከፍሎኝ አያውቅም። ዲስአቢሊቲ እቀበላለሁ፤ ደብዳቤው እዚህ አለ። አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቼ የከፈልኩበት ነው። ፎርሙን ሳላነብ ፈረምኩ። ማንበብ እችላለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ለልጄ አሳየኋት። ታርመዋለች ብዬ እስክሪብቶውን ጭምር ሰጠኋት። አነበበችና እስክሪብቶውን መልሳ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። "ዶንት ቼንጅ ኢት" አለች። እንዳትነካው ማለቷ ነው።

መልስ ሳይመጣ እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ሻይ ይዘን ቆመን አንድ የምንተዋወቅ ሰው፣ ታክሲ ነጂ ነው፣ እውነተኛ ሹፌር፣ እንደ ልማዱ "ሥራ እንዴት ነው?" አለኝ።

"አልሠራም" አልኩ። "ሦስት ዓመቴ። በዲስአቢሊቲ ነው የምኖረው።"

ዝቅ አድርጌ አልተናገርኩም። ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ ድረስ ተሰምቷል፤ የጋሼ እስክሪብቶ ሲቆም አይቻለሁ። ሚስቴ ከሴቶቹ መሃል ቀና ብላ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ዳቦዋን ቆረሰችና ወደ ወሬዋ ተመለሰች።

ታክሲ ነጂው "የመንግሥት ሰው ነህና" አለ፣ "ሻዩን ዛሬ አንተ ትከፍላለህ።"

"ሻዩ በነፃ ነው።"

"ለዚህ ነው ያልኩህ።"

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ጠጋ አለና፣ የሻይ ኩባያውን አፉ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩ እንዳይታይ ይመስል፣ "ያ ብር ግን ይቆጠራል እንዴ?" አለኝ። "ለአንድ ሰው ነው።"

"ይቆጠራል" አልኩት። "ለአንድ ሰው ንገረው።"

አዳራሹን ለቅቄ እስክወጣ ሌሎች ሁለት ሰዎች ስለ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጠየቁኝ። ይሄ ሁሉ ሕዝብ መሳቢያው ውስጥ ምን ደብቆ እንደሚኖር ያን ቀን ነው የገባኝ። እያንዳንዳችን ብቻችንን ተረጂ ነበርን።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው የባንኳ ሴት ደወለችልኝ። ተፈቅዷል አለችኝ። ስለ ደብዳቤው አለቆቿ ምን እንዳሉ ጠየቅኳት። "አጭር ነው አሉ" አለች። ቤቱን ለሚሸጡት ሽማግሌ የባንኩን ወረቀት እኔው ራሴ ወሰድኩላቸው። ከመስጠቴ በፊት ግን በረንዳቸው ላይ ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ እሳቸው ፊት፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየጠበቁኝ። ምንም አልሆኑም። ሰው ሲያነብ መጠበቅ ለካ አይገድልም።

ቁልፉ የእኛ ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ኮት ለብሰዋል። እጃቸው ላይ ፌስታል።

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበረንም። ይግቡ አልኳቸው። አልገቡም፤ ወደ እግራቸው አዩ።

"ደረጃው ይሄ ብቻ ነው?" አሉ።

"አንድ ብቻ ነው።"

"መኝታውስ?"

"እዚሁ ምድር ላይ።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ገቡ። ሚስቴ ወንበር ሳበችላቸው፣ ውሃ አመጣች። ፌስታሉን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ተናገሩ። ዳውንታውን ቢሮ የላቸውም። ኖሯቸው ነበር፤ የእትዬ ግማሽ ሰውነት እምቢ ሲል ጋሼ ሥራ ትተው እሳቸውን መንከባከብ ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። የሚኖሩት በእትዬ ዲስአቢሊቲና በእሳቸው ጡረታ ነው። እትዬ ያንን ደረጃ የሚወርዱት አምቡላንስ ሲመጣ ብቻ ነው፤ በቃሬዛ። ደረጃ የሌለው ቤት የተገኘበት ጊዜ ነበር። ጋሼ አላመለከቱም። የመንግሥት ብር ገቢ አይባልማ።

"ጠይቀው አያውቁም" አልኳቸው።

"ለማን ብዬ ልጠይቅ?" አሉ። "እኔ እኮ የምጠየቅ ሰው ነኝ።"

ልናገራቸው የምችለው ነገር ብዙ ነበረኝ። አንዳንዱን ለሳምንታት አዘጋጅቼዋለሁ። ሚስቴ ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ታየኛለች፤ ተው ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ይቅር ብያቸዋለሁ ማለት አይደለም። እኔን የዋሹኝ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ራሳቸውን በዋሹበት አፍ መሆኑ ገባኝ እንጂ፣ ውሸቱ ውሸት ነው። እትዬ ግን ደረጃው አናት ላይ ናቸው።

"ምን ይዘው ነው?" አልኩ ወደ ፌስታሉ እያየሁ።

አወጡት። የባንክ ማመልከቻ፣ ከዚያችው ሴት የመጣ። ከሥሩ ሁለት ደብዳቤ፣ አንዱ የእትዬ፣ አንዱ የእሳቸው፤ ጠርዛቸው ከመታጠፍ ብዛት አልቋል። እነሱም የሆነ ቦታ ተደብቀው ኖረዋል።

"አንተ ሙላው" አሉኝ። "የሰውን ስሞላ እጄ አይፈራም። የራሴን ስይዝ ይቆምብኛል።"

"ቀርፋፋ ነኝ።"

"እጠብቃለሁ።"

መነጽሬን አደረግኩ። እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብዬ በእንግሊዝኛ እያነበብኩ፣ በአማርኛ እየደገምኩ፣ ሲመልሱልኝ ብቻ ጻፍኩ። ሥራ የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። "ምን ልጻፍ?"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የለም በል።"

"የለም" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ገቢ የሚለው ጋ በሁለቱም ደብዳቤ ላይ ያለውን ገንዘብ ጻፍኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። እሳቸው አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጅባቸው። አንዴም አልነዘነዙኝም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ያ ሁሉ ሰው እሳቸው ፊት ሲቀመጥ እንደኖረው ተቀመጡ።

ጨርሼ ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዞርኩት። እስክሪብቶ አውጥተው በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጡ።

እጄን ገጹ ላይ አደረግኩ። "መጀመሪያ ያንብቡት።"

"ኧረ አንተን አምንሃለሁ።"

"አውቃለሁ። ያንብቡት።"

መነጽራቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ።